ቀዳዳ ያነሰው ላፕቶፕ ቆቦ ሲደርስ

ከሳውዲ ወይም ከዱባይ ለዘመድ የሚላከው ላፕቶፕ ከዓመት ዓመት እየሳሳ፣ ጎኑ ላይ ያሉት ቀዳዳዎችም እየተመናመኑ መጥተዋል። ድሮ ሦስት ዩኤስቢ፣ የፕሮጀክተር መሰኪያ፣ የኔትወርክ መሰኪያና የሚሞሪ ካርድ ማስገቢያ ይዞ ይመጣ የነበረው ዕቃ ዛሬ ካርቶኑ ሲከፈት ሁለት ጠባብ የታይፕ ሲ ቀዳዳዎች ብቻ ይታዩበታል። መንገዱን የጠረገው አፕል ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. ያወጣው ባለ 12 ኢንች ማክቡክ ከጆሮ ማዳመጫው በቀር አንድ ቀዳዳ ብቻ ነበረው፤ ቻርጀር ከተሰካበት ለፍላሽ የሚሆን ቦታ አልነበረውም። በ2020 የወጣው ማክቡክ ኤር ኤም 1 ሁለት አለው። ዴል ደግሞ በ2022 የኤክስፒኤስ 13 ላፕቶፑን የጆሮ ማዳመጫ ቀዳዳ እንኳ ነፍጎ በሁለት ታይፕ ሲ አስቀርቶታል።

የውጭ አገር መመሪያዎች ለዚህ ችግር የሚሰጡት መልስ ከሞላ ጎደል አንድ ነው፦ ደህና ሃብ (አንዱን ቀዳዳ ወደ ብዙ የሚከፋፍል ዕቃ) ይግዙ፣ ቻርጀሩንም ሃርድ ዲስኩንም ስክሪኑንም በእሱ ላይ ይሰኩ፣ አበቃ። ምክሩ መጥፎ አይደለም፤ መብራት ለማይጠፋበት ቤት ግን ነው የተጻፈው። ሰሜን ወሎ ውስጥ ቆቦ፣ ሮቢት ወይም ጎቢዬ ተቀምጦ ለሚሠራ ሰው ዋናው ጥያቄ ቀዳዳው ስንት ነው የሚለው አይደለም። መብራት እልም ባለባት ቅጽበት በዚያ ቀዳዳ ምን እያለፈ ነበር የሚለው ነው። ስለዚህ የእኔ ምክር የተገላቢጦሽ ነው፦ ኤሌክትሪክና ፋይል በአንድ ቀዳዳ አያሳልፉ። ቀሪው ሁሉ ከዚህ ይመነጫል።

መጀመሪያ ያለዎትን ቀዳዳ ይወቁ

ሁለት የታይፕ ሲ ቀዳዳዎች መልካቸው አንድ ቢሆንም ሥራቸው አንድ ላይሆን ይችላል። አንዱ ቻርጅ ይቀበላል፣ ሌላው አይቀበልም፤ አንዱ ምስል ወደ ፕሮጀክተር ያወጣል፣ ሌላው ፋይል ብቻ ያመላልሳል። ላፕቶፑን ወደ ብርሃን አዙረው ከቀዳዳው አጠገብ የታተመውን ምልክት ይዩ። የመብረቅ ምልክት ካለበት ተንደርቦልት ነው፤ ፋይልም ምስልም፣ አብዛኛውን ጊዜ ቻርጅም ያሳልፋል። የባትሪ ወይም የሶኬት ሥዕል ካለ አብዛኛውን ጊዜ ቻርጅ ይቀበላል ማለት ነው። ፒ እና ዲ ፊደሎች ተያይዘው የተሣሉበት ምልክት ምስል እንደሚያወጣ ይናገራል። አፕል ግን ምልክት አያትምም፤ የማክቡክ ኤርና የማክቡክ ፕሮ የታይፕ ሲ ቀዳዳዎች ቻርጅም ምስልም ያሳልፋሉ።

ምንም ምልክት ከሌለ ከላፕቶፑ ሥር የተጻፈውን የሞዴል ቁጥር ወስደው በአምራቹ ገጽ ላይ ይፈልጉ። ይህን ሳያደርጉ የኤችዲኤምአይ አዳፕተር አይግዙ። ምስል በማያወጣ ቀዳዳ ላይ የተሰካ አዳፕተር የቱንም ያህል ውድ ቢሆን ጥቁር ስክሪን ነው የሚያሳይዎት፤ ሻጩም «ያንተ ላፕቶፕ ነው የተበላሸው» ብሎ ይሸኝዎታል።

ከ2022 ወዲህ የወጡት ማክቡክ ኤሮች ማግሴፍ የሚባል በማግኔት የሚጣበቅ የቻርጅ መሰኪያ አላቸው። የእርስዎ ከእነዚህ አንዱ ከሆነ ግማሹን ችግር አምራቹ ፈቶልዎታል፤ በማግሴፉ ቻርጅ ያድርጉ፣ ሁለቱ ቀዳዳዎች ለፋይል ይቅሩ።

ሽቦ የማያስፈልገውን ሥራ ከቀዳዳው ያውርዱ

ይህን ባጭሩ ልለፈው። የማውዝ ዶንግል አንድ ሙሉ ቀዳዳ ይበላል፤ ብሉቱዝ ማውዝ ምንም አይበላም። ኢንተርኔት ከስልክ በኬብል የሚወስዱ ከሆነ ወደ ሆትስፖት ይዙሩ። ስፒከርም ጆሮ ማዳመጫም ብሉቱዝ ይሁኑ። ወረቀት የሚያትሙት በራስዎ ፕሪንተር ከሆነና ፕሪንተሩ የድሮ ሌዘር ከሆነ፣ ከፕሪንተሩ አራት ማዕዘን መሰኪያ በቀጥታ ወደ ታይፕ ሲ የሚሄድ ኬብል አለ፤ እሱን ገዝተው ሃቡን ይተዉት። ነገሩ ቀላል ቢሆንም ሰው ሃብ ላይ አዳፕተር፣ አዳፕተር ላይ ኬብል ደራርቦ «ፕሪንተሩ አይታይም» ሲል ይውላል።

በመሥሪያ ቤት የኔትወርክ ኬብል የሚጠቀሙ ሰዎች አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ኬብሉ የሚሰካው በሃቡ ወይም በአዳፕተሩ ላይ ከሆነ ኔትወርኩ የሚያውቀው የላፕቶፑን ሳይሆን የአዳፕተሩን አድራሻ ነው። የአይሲቲ ባለሙያው ፈቃድ የሚሰጠው በአድራሻ ከሆነ አዳፕተር በቀየሩ ቁጥር እንደ አዲስ ሰው ይቆጠራሉ። ስለዚህ አንዱን አዳፕተር አስመዝግበው እሱኑ ይያዙ።

መብራት ሲሄድና ሲመጣ

ሃብ ኃይል አያመነጭም፤ ያለውን ይከፋፍላል። የጎሊና ወንዝ ጎርፍ ተጠልፎ ለስንት ማሳ እንደሚደርስ፣ ላይኛው ማሳ ሲጠግብ ታችኛው ምን እንደሚቀረው ለሚያውቅ የራያ ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም። 65 ዋት ቻርጀር በሃብ በኩል ሲያልፍ ሃቡ ለራሱና ለተሰኩበት ዕቃዎች ከ10 እስከ 15 ዋት ያህል ያስቀርና ላፕቶፑ የቀረውን ያገኛል። በዚያ ላይ ቪዲዮ እያቀናበሩ ከሆነ ቻርጀር ተሰክቶም ባትሪው ሲወርድ ያዩታል። ብልሽት አይደለም፤ የክፍፍል ጉዳይ ነው።

ከዚህ የባሰው መብራት ሲጠፋ ነው። ሃብ ቻርጀር ሲሰካበት ኃይል ከቻርጀሩ ይወስዳል፤ ቻርጀሩ ሲሞት ወደ ላፕቶፑ ባትሪ መዞር አለበት። በደንብ የተሠራ ሃብ ይህን ሳያቋርጥ ያደርገዋል። ርካሹ ግን ለአፍታ ይሞታል፤ ከላዩ ያለችው ትንሽ መብራት ድርግም ብላ መልሳ ትበራለች፣ ላፕቶፑም ዕቃ ሲነቀልና ሲሰካ የሚያሰማውን ድምፅ በተከታታይ ያሰማል። በዚያች አፍታ ሃርድ ዲስኩ በጉልበት እንደተነቀለ ይቆጠራል። እየተገለበጠ የነበረው ፋይል ይቆረጣል፤ ሲከፋ የዲስኩ ማውጫ ራሱ ይበላሽና በሚቀጥለው ሲሰኩት «ፎርማት ይደረግ?» ብሎ ይጠይቅዎታል። (እምቢ ይበሉት። ብዙ ጊዜ ፋይሎቹ አልጠፉም፤ ባለሙያ ያወጣቸዋል።) መብራት ተመልሶ ሲመጣም ያው ነገር በግልባጩ ይደገማል። አንድ ሰዓት ውስጥ ሁለት ሦስት ጊዜ ሄዶ በሚመጣ መስመር ላይ ለሚሠራ ሰው ይህ ተራ ነገር አይደለም።

ስለዚህ፦

ላፕቶፑ ሁለት ቀዳዳ ካለው ቻርጀሩን በአንደኛው በቀጥታ ይሰኩ፣ ሃቡን በሌላኛው። በሃቡ ላይ ያለውን የቻርጅ ማስገቢያ ባዶ ይተዉት። መብራት ሲጠፋ ላፕቶፑ ወደ ባትሪው ይዞራል፣ ሃቡም ምንም ሳያውቅ ሥራውን ይቀጥላል። ቀዳዳዎቹ ግራና ቀኝ ከሆኑ ደግሞ የበለጠ ይመቻል።

ላፕቶፑ አንድ ቀዳዳ ብቻ ካለው ጊዜውን ይክፈሉት። ቻርጅ ያድርጉ፤ ሲሞላ ቻርጀሩን ይንቀሉ፤ በባትሪ ብቻ ፋይሉን ይገልብጡ፤ ዲስኩን «ኢጀክት» ብለው ያውጡ፤ ከዚያ እንደገና ቻርጅ ላይ ይሰኩ። የተንዛዛ ይመስላል፤ የጠፋ ፋይል ማስመለስ ግን ከዚህ ይልቅ የተንዛዛና ውድ ነው።

መብራት ሲጠፋ ቻርጀሩን ከግድግዳው ይንቀሉ። ሲመጣም ጥቂት ደቂቃ ይታገሡ። የሰፈሩ ፍሪጅ፣ ወፍጮና የውኃ ሞተር ሁሉ በአንድ ጊዜ ሲነሣ ቮልቱ ከ220 በላይና በታች ይዋዥቃል፤ አምፖሉ ሳይንቀጠቀጥ ሲበራ ካዩ በኋላ ይሰኩ። ስታቢላይዘር ካለ ይጠቀሙበት። ተራ ዲቫይደር ግን መስመር ያከፋፍላል እንጂ ቮልት አያስተካክልም፤ ቀይ ማብሪያ ማጥፊያ ስላለው ብቻ ይጠብቀኛል አይበሉ።

እዚህ ላይ ስለ ቻርጀሩ ሶኬት ልጨምር። ከባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚመጣው ቻርጀር አብዛኛውን ጊዜ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው ነው፤ እኛ ቤት ያለው ሶኬት ደግሞ ለሁለት ክብ እግር የተሠራ ነው። ሰው ብርቱካን የምታክል ሁሉን ቻይ አዳፕተር ገዝቶ መሀል ላይ ያስገባል፤ እሷም በጊዜ ትላላና ትሞቃለች፣ አንዳንዴም ፕላስቲኳ ይቀልጣል። ከቻርጀሩ ሳጥን ላይ የሚነቀል ገመድ ካለው አዳፕተሩን ትተው ገመዱን ብቻ ይቀይሩ፤ ክብ እግር ያለው ገመድ ወልዲያም ደሴም በየኤሌክትሮኒክስ ሱቁ አለ። ባለ ምድር መስመሩን ይምረጡ።

ይህ የምድር መስመር ነገር ከቀዳዳዎቹም ጋር ይገናኛል። ገላው ብረት የሆነ ላፕቶፕ ምድር መስመር በሌለው ሶኬት ቻርጅ ሲደረግ እጅ ሲያሳርፉበት ንዝር ንዝር ይላል። ቻርጀሩ ጤነኛ ከሆነ ጉዳት የሚያደርስ አይደለም። ግን ያው ላፕቶፕ ምድር መስመር ካለው ፕሮጀክተር ወይም ቴሌቪዥን ጋር በኬብል ሲገናኝ በመሰኪያው ላይ ብልጭ ሊል፣ ስሱን አዳፕተርም ሊያቃጥል ይችላል። መፍትሔው ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ የምስሉን ኬብል ያገናኙ፣ ከዚያ ቻርጀሩን ይሰኩ።

መብራት ረዘም ላለ ጊዜ ሲጠፋስ? በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት በሰሜን ወሎ መብራትና ስልክ ለወራት እንደጠፋ የማያስታውስ የለም፤ ከዚያ ወዲህ ፓወር ባንክ ለብዙ ቤተሰብ የቅንጦት ዕቃ መሆኑ ቀርቷል። ታይፕ ሲ ላፕቶፕ እዚህ ላይ የሚመሰገንበት ነገር አለው፦ እንደ ስልክ በፓወር ባንክ ቻርጅ ይደረጋል። ሲገዙ ግን «ፒዲ» (ፓወር ዴሊቨሪ) የሚል ጽሑፍና ከ45 ዋት ያላነሰ የመስጠት አቅም ይፈልጉ። 20,000 ሚሊ አምፔር ሰዓት የሚለው ቁጥር በዋት ሰዓት ሲሰላ 74 ነው፤ የማክቡክ ኤር ኤም 1 ባትሪ ወደ 50 ዋት ሰዓት ነው። በመንገድ የሚባክነውን ሲቀንሱለት አንድ ጊዜ ሞላ ያደርገዋል ብለው ያስቡ። 50,000 ተብሎ የተጻፈበትና በእጅ ሲይዙት የሚቀል ዕቃ ካዩ ቁጥሩ ከሳጥኑ ላይ እንጂ ከባትሪው እንዳልመጣ ይወቁ።

በመኪና ለሚመላለስ ሰው፣ ለምሳሌ በቆቦና በወልዲያ መካከል ላለው ሃምሳ ኪሎ ሜትር ገደማ መንገድ፣ ሲጋራ መለኮሻው ላይ የሚሰካ ባለ ፒዲ ቻርጀር ላፕቶፑን በመንገድ ላይ ይሞላዋል። ይኸው ቻርጀር ከሶላር ጋር በተያያዘ ባለ 12 ቮልት ባትሪም ይሠራል። ኢንቨርተር ገዝተው 12 ቮልቱን ወደ 220 አውጥተው፣ ከዚያ በቻርጀሩ መልሰው ወደ 20 ቮልት ከማውረድ ይሻላል፤ በሁለቱ ልወጣ መካከል የሚባክነው ኃይል ቀላል አይደለም። አምፖልና ስልክ ብቻ እንዲያበራ የተሠራው ትንሹ የሶላር ዕቃ ግን ለላፕቶፕ አቅም የለውም፤ አይልፉ።

ሃብ ሲገዙ

አሁን ሃብ ምን ሊያደርግልዎ እንደሚገባ ያውቃሉ። ከላፕቶፑ ጎን ላይ በቀጥታ ተለጥፎ የሚቀመጠውን ዓይነት አይግዙ፤ አጭር ገመድ ያለውን ይግዙ። ተለጣፊው ላፕቶፑን በጭን ይዘው ሲሠሩ እንደ መጥለፊያ ሆኖ ቀዳዳውን ያጣምመዋል። ቀዳዳው ደግሞ በብዙ ላፕቶፖች በቀጥታ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ነው፤ ማስጠገን ሲመጣ ወልዲያ ወይም ደሴ፣ አለበለዚያም አዲስ አበባ ድረስ ያስኬዳል።

አሥራ አንድ በአንድ የሚባለውን ትልቁን ሃብ ሻጩ ያሞግሰዋል። እኔ አልመክረውም። ብዙ ሰው የሚፈልገው ሁለት የድሮ ዩኤስቢ፣ አንድ ኤችዲኤምአይና የካርድ ማስገቢያ ነው። የማይጠቀሙበት ቀዳዳ ሁሉ ተጨማሪ ሙቀትና ተጨማሪ የብልሽት ምክንያት ነው። ሁለት ኤችዲኤምአይ ያለው ሃብ ደግሞ ማክ ላይ ሁለት የተለያየ ምስል አያወጣም፤ ሁለቱ ስክሪኖች አንዱን ምስል ይደግሙታል።

ሱቁ ውስጥ እንዳሉ እንዲህ ይፈትኑት። ላፕቶፑን፣ ቻርጀሩንና አንድ ፍላሽ ይዘው ይሂዱ። ፍላሹን ሃቡ ላይ፣ ቻርጀሩንም ሃቡ ላይ ይሰኩና አንድ ትልቅ ፊልም መገልበጥ ይጀምሩ። ፍላሹ ላይ ቢጠፋ የሚያሳዝን ፋይል አይኑርበት። መሀል ላይ የቻርጀሩን ገመድ ከሃቡ ይንቀሉ። መገልበጡ ከቀጠለ ደህና ሃብ ነው። ከተቋረጠ ወይም ፍላሹ ጠፍቶ ከተመለሰ የቤትዎ መብራት ሲሄድ ምን እንደሚሆን እዚያው አይተዋል፤ አመስግነው ይመልሱት። ሻጩ ቅር ቢለውም ፈተናው አንድ ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

ኬብልም ያታልላል። ከስልክ ጋር የሚመጣው የታይፕ ሲ ኬብል ቻርጅ ለማድረግ የተሠራ ነው፤ ፋይል ሲያሳልፍ ብዙውን ጊዜ በዩኤስቢ 2 ፍጥነት ነው፣ ማለትም ቢበዛ በሰከንድ 480 ሜጋ ቢት። ጭራሽ ፋይል የማያሳልፍም አለ። ዩኤስቢ 3 የሚባለው በ5 ጊጋ ቢት ይጀምራል። ለሃርድ ዲስክ የሚሆነውን ኬብል ለይተው ምልክት ያድርጉበት፤ ባለቀለም ፕላስተር ቢጠቀልሉበት ይበቃል።

አንድ እንግዳ የሚመስል ነገር ልንገርዎ፦ ሃርድ ዲስክ ሲሰኩ ኢንተርኔት ይዘገያል ወይም ማውዙ ይንቀራፈፋል ካሉ አልተሳሳቱም። ዩኤስቢ 3 ሲሠራ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ አካባቢ የሬዲዮ ረብሻ ያሰማል፤ ኢንቴል ይህን በ2012 እ.ኤ.አ. አጥንቶ አውጥቶታል። ሆትስፖትና ገመድ አልባ ማውዝ ደግሞ በዚያው መስመር ላይ ናቸው። ሃቡን ከስልኩ አርቀው ያስቀምጡ፤ ስልኩ የሚፈቅድ ከሆነም ሆትስፖቱን ወደ 5 ጊጋ ኸርዝ ይቀይሩት።

ፎቶኮፒ ቤት

ቀዳዳ ያነሰው ላፕቶፕ ባለቤቱን በብዛት የሚያሳፍረው ፎቶኮፒ ቤት በር ላይ ነው። ፈተና የሚያትም መምህር ላፕቶፑን ይዞ ይመጣል፤ ፍላሹ አይገባም፣ ሃቡን ቤት ረስቶታል፣ ከኋላው ደግሞ የብድር ፎርም የያዙ ሰዎች ተሰልፈዋል። የፎቶኮፒ ቤቱ ልጅ ከማሽኑ ቀና ሳትል «መምህር፣ በቴሌግራም ይላኩልኝ» ትለዋለች። እውነቷን ነው። ኔትወርክ ካለ ከዚህ የተሻለ ቀዳዳ የለም።

ኔትወርክ ለሌለበት ቀን ሁለት አፍ ያለው ፍላሽ ይያዙ፤ አንዱ አፍ ታይፕ ሲ፣ ሌላው የድሮው ዩኤስቢ። ኦቲጂ ፍላሽ ብለው ቢጠይቁ ሻጩ ያውቀዋል። ላፕቶፕዎ ላይ በአንዱ፣ የሱቁ ኮምፒውተር ላይ በሌላው ይሰካል፤ ሃብም አዳፕተርም አያስፈልግም። ለእኔ አብዛኛው ሰው መግዛት ያለበት የመጀመሪያው ዕቃ ይህ ነው፣ ከሃብም በፊት።

ፋይሉን ሁልጊዜ ፒዲኤፍ አድርገው ይውሰዱ። በፓወር ግዕዝ ወይም በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ፊደሉ የሌለበት ማሽን ላይ ሲከፈት ትርጉም የለሽ ምልክት ይሆናል፤ ፒዲኤፍ ግን ፊደሉን ይዞ ይሄዳል። ፍላሹ ከሱቅ ሲመለስ ፎልደሮችዎ ወደ ሾርትከት ተቀይረው ካገኟቸው አይጫኗቸው፤ ቫይረስ ነው። ሁለት አፍ ያለውን ፍላሽ ለማሳተም ብቻ ይጠቀሙበት፣ ዋና ሰነድዎን አያኑሩበት።

የማክ ተጠቃሚ ከሆኑ ፍላሹ ኤክስፋት በሚባለው ዓይነት ፎርማት ይደረግ። በኤንቲኤፍኤስ የተዘጋጀውን ዲስክ ማክ ያነበዋል እንጂ አይጽፍበትም፤ ሰው «ማኬ ፍላሽ አይቀበልም» የሚለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው።

ፕሮጀክተር

በየትምህርት ቤቱና በየጽሕፈት ቤቱ ያለው ፕሮጀክተር ብዙ ጊዜ በቪጂኤ የሚሠራ ነው፤ ያ ባለ ሦስት ረድፍ ሰማያዊ መሰኪያ በ1987 እ.ኤ.አ. የወጣ ቢሆንም ዛሬም አልሞተም። ከታይፕ ሲ በቀጥታ ወደ ቪጂኤ የሚወስድ አዳፕተር ይግዙ። ከታይፕ ሲ ወደ ኤችዲኤምአይ፣ ከዚያ ወደ ቪጂኤ ደራርቦ መሄድ ይቻላል፤ ግን አንዱ ሲነካ ምስሉ ይጠፋል። ቪጂኤ ድምፅ አያሳልፍም፤ ቪዲዮ የሚያሳዩ ከሆነ ስፒከር ያዘጋጁ።

ዊንዶውስ ላይ የዊንዶውስ ምልክት ያለበትን ቁልፍና ፒን አንድ ላይ ተጭነው «ዱፕሊኬት» የሚለውን ይምረጡ። ምስሉ ካልመጣ የማሳያውን ጥራት ወደ 1024 በ768 ያውርዱት፤ የድሮ ፕሮጀክተር ከዚያ በላይ ሲሰጡት «ሲግናል የለም» ይላል። ስብሰባው ከመጀመሩ በፊት ደርሰው ይሞክሩት። የሥልጠና ሰነዱን ግን በባለ ሁለት አፉ ፍላሽም ይያዙት፤ አዳፕተሩ እምቢ ካለ የሌላ ሰው ላፕቶፕ ያድንዎታል።

የሠርግ ቪዲዮ ለሚሠሩ

በጥርና በሚያዝያ የሠርጉ ወቅት ቆቦና አካባቢው ላይ ካሜራ ይዞ የሚዞር ሰው ከሁሉም በላይ የቀዳዳ ችግር አለበት፦ ካርድ፣ ሃርድ ዲስክና ቻርጀር በአንድ ጊዜ ይፈልጋል። የተቀረጸውን 64 ጊጋ ባይት ካርድ በዩኤስቢ 2 የካርድ ማስገቢያ መገልበጥ ግማሽ ሰዓት ገደማ ይወስዳል፤ ፈጣን ካርድ ሆኖ በዩኤስቢ 3 ማስገቢያ ከሆነ ከሩብ ሰዓት በታች ያልቃል። የካርድ ማስገቢያው ዩኤስቢ 3 መሆኑን ማረጋገጥ የሚገባው ለዚህ ነው። ግማሽ ሰዓት መብራት አይጠፋም ብሎ መወራረድ ይከብዳል፣ ሩብ ሰዓት ግን ከባትሪ ላይ ሆኖ ያልፋል።

ከካርድ በቀጥታ ወደ ሃርድ ዲስክ አይገልብጡ። መጀመሪያ ካርዱን ወደ ላፕቶፑ፣ ቀጥሎ ካርዱን አውጥተው ከላፕቶፑ ወደ ዲስኩ። ሁለት ጊዜ ቢሆንም ሃቡ በአንድ ጊዜ አንድ ዕቃ ብቻ ነው የሚሸከመው፤ በመሀልም አንድ ቅጂ ያተርፋሉ። የሚሽከረከር ሃርድ ዲስክ ሲነሣ ከፍ ያለ ኃይል ይጠይቃል፤ የራሱ የኃይል ምንጭ የሌለው ሃብ ላይ ካርድና ማውዝ ከጎኑ ካሉበት ጠቅ ጠቅ ሲል ይሰማል፣ ግን አይከፍትም። ያን ድምፅ ሲሰሙ ወዲያው ይንቀሉትና ብቻውን ይሰኩት። የማይሽከረከረውን ኤስኤስዲ የሚገዙበት አቅም ካለዎት ይህ ችግር በአብዛኛው ይቀርልዎታል።

ካርዱን የሚያጠፉት ሁለቱም ቅጂ ተከፍቶ መጀመሪያው፣ መሀሉና መጨረሻው ከታየ በኋላ ነው። ለባለ ሠርጉ በፍላሽ ሲሰጡ ደግሞ የቤቱን ቴሌቪዥን ይጠይቁ። ብዙ የቆዩ ቴሌቪዥኖችና ሪሲቨሮች ፋት 32 ብቻ ነው የሚያነቡት፤ ፋት 32 ደግሞ ከ4 ጊጋ ባይት የሚበልጥ ፋይል አይቀበልም። ቪዲዮውን ከፋፍለው ይስጡ።

ሙቀትና አቧራ

ቆቦ ከባሕር ወለል በላይ 1,400 ሜትር አልፎ ቢቀመጥም ግንቦትና ሰኔ ላይ ሙቀቱ ቀልድ አያውቅም። ከኤም 1 ወዲህ ያለው ማክቡክ ኤር ማራገቢያ የለውም፤ አፕል ከ35 ዲግሪ በማይበልጥ ሙቀት ውስጥ ተጠቀሙበት ይላል። ሃቡም ራሱ ይሞቃል። ለብ ማለቱ የተለመደ ነው፤ እጅ ላይ የማያስችል ከሆነ ወይም ከሸተተ ይንቀሉት። ሃቡን ላፕቶፑ ሥር ወይም ፍራሽ ላይ አያስቀምጡ፤ በቆርቆሮ ቤት ቀትር ላይ ቻርጅ ማድረግንም ወደ ማታ ያስተላልፉት።

አቧራው ከሙቀቱ ይብሳል። ኬብሉ ላላ ብሎ ቻርጅ አልፎ አልፎ የሚቋረጥ ከሆነ ቀዳዳው አለቀ ከማለትዎ በፊት ውስጡን በስልክ መብራት ይዩት። የታይፕ ሲ ቀዳዳ በመስፈርቱ 10,000 ጊዜ ተሰክቶ እንዲነቀል ታስቦ ነው የተሠራው፤ ቶሎ አያልቅም። ከታቹ የተጠቀጠቀ አቧራ ግን መሰኪያው እስከ መጨረሻው እንዳይገባ ያግደዋል። ላፕቶፑን ያጥፉ፣ ሁሉንም ይንቀሉ፣ በቀጭን የእንጨት ስቴኪኒ ጠርዝ ጠርዙን ቀስ ብለው ይጥረጉ። መሀል ላይ ያለችውን ስስ ምላስ አይንኳት፤ መርፌም ሽቦም አያስገቡ። በአፍ እፍ ማለት እርጥበት ያስገባል። የላስቲክ መክደኛ በርካሽ ይገኛል፤ ማሽላ በሚወቃበት ወቅት ገጠር ለሚወጣ የግብርና ባለሙያ የግድ ነው።

ላፕቶፑ ገና ካልተላከ

እኅት ወንድም ከሪያድ «ምን ልላክ?» ብሎ ከጠየቀ፣ ከላፕቶፑ ጋር እነዚህንም ያስገዙት፦ አጭር ገመድ ያለው ዩኤስቢ 3 ሃብ፣ ሁለት አፍ ያለው ፍላሽ፣ ከታይፕ ሲ ወደ ቪጂኤ አዳፕተር፣ ፒዲ የሚል 20,000 ፓወር ባንክ። በሁለት ሞዴል መካከል ከዋለለም የቻርጅ መሰኪያው ለብቻው የሆነውን ወይም አንድ የድሮ ዩኤስቢ የተረፈውን ይምረጥ፤ ትንሽ ቢወፍርም ይካካሳል። ፓወር ባንኩን ደግሞ ለጭነት በሚሰጠው ሻንጣ እንዳይከተው ይንገሩት፤ አየር መንገዶች የሚፈቅዱት በእጅ ሻንጣ ብቻ ነው፣ ያለ ልዩ ፈቃድም እስከ 100 ዋት ሰዓት ድረስ።